ለእናቴ የተሠራው በረንዳ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ቦንጋ ሄጄ ነበር። ጓሮ ውስጥ ጎረምሶች ለዳሱ የሚሆን ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ቀርከሃው ገና እርጥብ ነው፤ ገጀራው ጫፉ ላይ ሲያርፍበት ጧ ብሎ እስከ ታች ይከፈላል። ከውስጡ የሚወጣው ሽታ ጥሬ ዱባ ሲቆረጥ እንደሚሸተው ያለ ነው፤ ውሃ ውሃ የሚል፣ ትንሽ የሚጣፍጥ። የያዝኩትን ሰሃን ለአንዷ ልጅ አቀብዬ ወደ መንገድ ወጣሁ። ተከትለውኝ የመጡት "ምን ሆንሽ?" ሲሉኝ ራሴን አሞኝ ነው አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ጊዜውም ቦታውም አልነበረም። ያ ሽታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ደጃችን ላይ ሲሸት የሰነበተ ሽታ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አባቴ ታደሰ የሂሳብ መምህር ነው፤ ሰው ሁሉ ጋሽ ታደሰ ይለዋል። የተወለደው ሸዋ ሲሆን፣ ቦንጋ ተመድቦ መጥቶ እናቴን እዚያው አገኛት። እናቴ አበበች የአዲዮ ደጋ ልጅ ናት። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ልጇ ዘር ዘመዱ የማይታወቅ መምህር ማግባቷን ጨርሶ አልወደደችውም። ስትመጣም ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት አይነጋገሩም። አማትና አማች መተፋፈራቸው ያለ ነው፤ የእነሱ ግን ከዚያም የባሰ ነበር። በመካከል ያለሁት እኔ ነኝ።

"ለአባትሽ ማሩን ከደጋ ነው ያመጣሁት በዪው" ትለኛለች፣ አባቴ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ።

"ለአያትሽ እግዚአብሔር ይስጥልን በያቸው" ይላል እሱም፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

እኔ ሁለቱም ጆሯቸውን የሚያማቸው ይመስለኝ ስለነበር የእሷን ካፊኖኖ ወደ አማርኛ፣ የእሱን አማርኛ ወደ ካፊኖኖ እየገለበጥኩ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ የባለሱቁ ሚስት፣ ድምፄን ስትሰማ "ዛሬ ደግሞ አያትሽ መጥተዋል ማለት ነው" እያለች ትስቅ ነበር።

እናቴ በዚያ ዓመት የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ተኝታለች። እኔ የማውቀው ግን ነቀርሳውን ሳይሆን ፊቷን እንደምታዞርብኝ ነው። ወደ መኝታ ክፍሉ ብቅ ስል ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዝና ወደ ግድግዳው ትዞራለች። "ሂጂ ውጭ ተጫወቺ" ትለኛለች። በፋሲካ ዕለት የምትወደውን ብርጭቆ ሰብሬባት ነበርና እስካሁን የተቀየመችኝ በዚያ መሰለኝ። ሌላ ብርጭቆ ይዤላት ብገባ እንደምትታረቀኝ አስብ ነበር።

ቤታችን ከገበያው በታች፣ ቁልቁለት ላይ የተጣበቀ የጭቃ ቤት ነው። መኝታ ክፍሉ አፈር ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ በቀትርም ይጨልማል፤ ግድግዳው ላይ ሻጋታ ይወጣል። ሐኪሙ አባቴን ጠርቶ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፣ ጨለማ ውስጥም እንዳትውል፣ ፀሐይና ንጹሕ አየር እንድታገኝ ነገረው። ለመናገር ቀላል ነው። ከበራችን ስትወጣ እግርህ የሚያርፈው እስከ ወንዙ የሚወርድ ገደል ላይ ነው፤ ከእንሰቱ በስተቀር ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር የለም። አባቴ ተሸክሞ ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ አስቀመጣት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ "እንዴት ነሽ አበበች" ይላታል። ሰው እያያት መሳል አልፈለገችም። "ሁለተኛ እዚያ እንዳታወጣኝ" አለችው።

አባቴ ጅማ ላይ ለመምህራን የተሰጠ ስልጠና ሄዶ የተመለሰው በዚያን ሰሞን ነው። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ መኝታ ክፍሉ ገባ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

"በረንዳ እሠራልሻለሁ" አላት። "ከበሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣ። የኮንክሪት ሶሌታ። ጠዋት ፀሐይዋ ከማዶ ስትወጣ መጀመሪያ የምትመታው አንቺን ይሆናል።"

"ብረቱን ከየት አምጥተህ?"

"ብረት አያስፈልገውም። በብረቱ ፈንታ ቀርከሃ ነው የሚገባበት።"

እናቴ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ መስማቴ ነበር። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና አባቴ እስኪያልፍላት ጀርባዋን ደግፎ ያዛት። ከዚያ "ቀርከሃ እኮ ለአጥር ነው ታዴ" አለችው።

"በዓይኔ ባላይ እኔም አላምንም ነበር። ስልጠናው ላይ አንድ ሶሌታ ሠርተው በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመውታል። ውስጡ ያለው ቀርከሃ ብቻ ነው። ማን ይሞክራል ሲሉ እኔ ወጣሁበት። ዘለልኩበት አበበች! እንዲህ!" አለና መሬቱ ላይ ዘለለ። የቆርቆሮው ጣሪያ ተንኮሻኮሸ። እሱ ወፍራም ሰው ነው፤ ስለዚህ እኔም አመንኩ።

ፌሮ ብረት በዚያ ጊዜ ከጅማ በጭነት መኪና የሚመጣ፣ መምህር የማይደፍረው ዕቃ ነበር። ቀርከሃ ግን የአያቴ ጓሮ ሙሉ ነው።

ጥቅምት አልፎ ጭቃው መጠጠር ሲጀምር አያቴና አጎቴ አሰፋ ቀርከሃውን በፈረስ አስጭነው ከደጋ ወረዱ። አሰፋ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ ወገቡ ላይ ስለት የማይለየው ገበሬ። ፈረሶቹ ደጃችን ሲደርሱ የቀርከሃው ጫፍ መሬት እየጎተተ ከኋላቸው መስመር አስምሯል። አያቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ እኔ ዞረች።

"ለአባትሽ ንገሪው፤ ይሄ ሺናቶ የራሴ ነው። ለልጄ ፀሐይ ካመጣላት ሌላም እቆርጣለሁ በዪው።" ሺናቶ በካፊኖኖ ቀርከሃ ማለት ነው።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ "እሠራዋለሁ በያቸው" አለ።

በዚያ ሳምንት አባቴና አጎቴ እንደ ወንድማማች ሆኑ። እየተጋገዙ ይሰነጥቃሉ፣ አንጓውን ይልጋሉ፣ ጓሮው በዚያ የዱባ ሽታ ይሞላል። አንድ ቀን አባቴ ፍላጩን በእጁ እያገላበጠ ቆየና "መጀመሪያ በደንብ መድረቅ አለበት ብለውን ነበር" አለ።

"ምን ያህል?" አለው አጎቴ።

"ወራት።"

በዚያች ቅጽበት እናቴ ከውስጥ ሳለች። ሁለቱም ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ሳሉ እስኪያበቃ ቆመው ጠበቁ። እንደገና ስለ መድረቅ ያነሳ ሰው አልነበረም። ብቻ አባቴ በማግሥቱ ከመንገድ ሠራተኞች የተረፈ ሬንጅ ለምኖ አምጥቶ አፈላና ፍላጮቹን አንድ በአንድ ቀባቸው። "ይህ ከውሃ ይጠብቀዋል" አለ። ለማን እንደተናገረ እንጃ።

ኮንክሪቱ የተሞላበት ቀን የበዓል ያህል ነበር። ከቤቱ መሠረት ቁልቁለቱ ላይ እስከተካበው የድንጋይ ግንብ ሳንቃ ተዘረጋ፤ ጥቋቁሮቹ የቀርከሃ ፍላጮች በሽቦ ተሰናስለው እንደ ትልቅ ወንፊት ተነጠፉበት። የአባቴ ጓደኞች በባሬላ ጠጠርና አሸዋ ያመላልሳሉ፤ አጎቴ እስከ ጉልበቱ ሲሚንቶ ለብሶ በአካፋ ያገላብጣል። አባቴና እሱ ማን በፍጥነት እንደሚያቦካ ሲፎካከሩ ሳቃቸው እስከ ገበያው ይሰማል። እትዬ ዘይነባ ለሁሉም ቆሎ አመጣች። እናቴ በመስኮት ታይ ነበር።

ከዚያ ሶሌታው በእንሰት ቅጠልና በእርጥብ ጆንያ ተሸፈነና ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆነ። አባቴ "ካልጠጣ አይጠነክርም" አለኝ። ውሃ የሚጠጣ ነገር ደግሞ ይበቅላል። ቀርከሃው ከውስጥ ጎንቁሎ እንዲወጣ ጆንያውን ገለጥ እያደረግኩ እጠብቅ ነበር። ለምን እንደማይበቅል ስጠይቀው አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ከበቀለማ ለእናትሽ ጥላ ይሆናታል" አለኝ።

ገና ሲደርስ ሳንቃው ተነቀለ። አባቴ ወጥቶ እንደ ጅማው ዘለለበት። ምንም አልሆነም። ከዚያ እናቴን አቅፎ አወጣትና ለእሷ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አስቀመጣት።

ጥርና የካቲት ከልጅነቴ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ ናቸው። ጠዋት ጭጋጉ ሸለቆው ውስጥ እንደ ወተት ተኝቶ ታየዋለህ፤ ፀሐይዋ ከማዶው ጫካ ብቅ ስትል በመጀመሪያ በእርግጥም የእናቴን ፊት ትነካለች። ጉሬዛዎች ከወንዙ ወዲያ ሲጮኹ እሰማለሁ። እኔ በበረንዳው በሌላኛው ጫፍ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ።

"እዚያው ሁኚ፤ ድምፅሽ ይደርሰኛል" ትለኛለች። መጽሐፌን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ "ስለ ብርጭቆው ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዓይኗ እንባ ሞላ። "ልጄ፣ እኔ እኮ በሽታዬ እንዳይዝሽ ብዬ ነው ፊቴን የማዞረው" አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች አንድ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። በመካከላችን ሙሉ በረንዳ ነበር፤ እኔም እጄን ዘረጋሁ።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ጀመረ። እኔ ከበረንዳው ሥር፣ ሰው ቆሞ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ብቻዬን መጫወት እወድ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ከላይ ስትስል ቀና ብዬ ሳይ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ቀጭን ጥቁር መስመር አየሁ። ሳሏ የሰነጠቀው መሰለኝ። እንደገና ስትስል መስመሩ የሚሰፋ መስሎኝ ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ ሮጬ አባቴን ጠራሁት።

አባቴ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። መስመሩን በምስማር ሲጎረጉረው የእጅ መዳፍ የሚያህል ኮንክሪት ተላቅቆ እግሩ ሥር ወደቀ። ከተላቀቀው ቦታ ቀርከሃው ታየ። አሁን የሚሸተው እንደ ዱባ አልነበረም፤ እንደ ኮመጠጠ ነገር ነው። አባቴ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ በቀርከሃውና በኮንክሪቱ መካከል ጣቱ ገባ። ፊቱን ሳይ አስፈራኝና ወደ እንሰቱ ዞርኩ።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

በዚያው ምሽት ሳይሆን በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ አጠናዎች አምጥቶ ከሶሌታው መሃል ሥር አቆማቸው፤ እግራቸው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረገ፣ በሽብልቅ አጠበቃቸው። "ይህን ማንም እንዳይነካ" አለኝና ለእትዬ ዘይነባም ነገራት። የእናቴን ፍራሽ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ሊጠይቃት የሚመጣውን ሰው "አንድ አንድ እያላችሁ፤ ትደክማለች" እያለ ከበሩ ይመልስ ነበር። ለምን እንደማያወርዳትና እንደማይዘጋው ያኔ አልገባኝም፤ ዛሬ ይገባኛል። ወደዚያ ጨለማ ክፍል "ተመለሺ" ሊላት አልቻለም።

እናቴ ግንቦት ውስጥ ሞተች። ጠዋት ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ አባቴ ሊያወጣት እጁን ከሥሯ ሲያስገባ። እኔ እንጀራ በወጥ እየበላሁ ትምህርት ቤት ለመሄድ እቸኩላለሁ። "አበበች" ሲል ሰማሁ። ከዚያ እንደገና "አበበች"፣ ልክ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠራ እንደሚጠራው።

ቀብሩ ያለችግር አለቀ። ችግሩ የመጣው በሰልስቱ ነው። ለለቅሶተኛው ዳስ የተጣለው ከላይ በመንገዱ ዳር ነበር። እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ሸራው ውሃ አቁሮ እንደ ጡት ተንጠለጠለና መሃሉ ሊቀደድ ደረሰ። "የሚደግፍ እንጨት! እንጨት አምጡ!" ይላሉ ወንዶቹ። አባቴ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ፊቱን በጉልበቱ መካከል ቀብሮ ተቀምጧል፤ የሚሰማ አልነበረም። እኔ ከማድ ቤቱ በር ቆሜ ሳይ አጎቴ አሰፋ ከበረንዳው ሥር ወጣ። ትከሻው ላይ አንዱን አጠና ተሸክሟል። እያለቀሰ ነበር፤ በዝናቡ ውስጥ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ሽቅብ ወጣ። እሱ ከደጋ የመጣው ለቀብሩ ነው፤ ስለ ስንጥቁ የነገረው ሰው አልነበረም።

እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ አላየችውም። እኔ ለማን እንደምናገር ሳስብ ዝናቡ ጨመረና ዳሱ ሥር ያልተጠለሉት ሴቶች ወደ ቤታችን ጎረፉ። ቤቱ ሲሞላ በረንዳው ላይ ቆሙ። አያቴ በመካከላቸው፣ የልጇ ፍራሽ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። አልቃሿ ስም ስትጠራ ሁሉም አብረው ወደፊት ይሰግዳሉ፣ አብረው ቀና ይላሉ።

ድምፁ ከፍተኛ አልነበረም። የደረቀ ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። ከዚያ ሴቶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሄዱ። ለቅሶው ቆመ። ለአንድ አፍታ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ሌላ ዓይነት ጩኸት ተነሳ።

ብዙዎቹ ጭቃው ላይ በመውደቃቸው በመላላጥ ተረፉ። እትዬ ዘይነባ ክንዷ ተሰበረ። አያቴ ግን ከተሰነጠቀው ሶሌታ ግማሹ ዳሌዋ ላይ አርፏል። አባቴ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ዘሎ ገብቶ ያንን ኮንክሪት በትከሻው ቀና አድርጎ ያዘውና ሌሎች ጎተቷት። እሷን ለማንሳት እጁን ሲያስገባ በቀጥታ ዓይኑን እያየች፣ በአማርኛ "ቀስ" አለችው። በመካከላቸው እኔ ሳልኖር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ሆስፒታሉ ዳሌው ተሰብሯል፣ በዚህ ዕድሜ አይገጥምም፣ ከእንግዲህ አትሄድም አለ።

በማግሥቱ አባቴ ፍርስራሹ ውስጥ ተንበርክኮ አገኘሁት። ከኮንክሪቱ አንድ ፍላጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ ሲያደርገው ስለት ከአፎቱ እንደሚወጣ ያለ ምንም ትግል ወጣለት። ሌላውንም ሳበ። ያም ወጣ። ሬንጁ ተላጥቷል፤ ቀርከሃው ደርቆ ከሲታ ሆኗል። ከዚያ ዓይኑ አንዱ አጠና ላይ አረፈ፤ ተሰብሮ ወድቋል። ሌላው አጠና የቆመበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ባዶውን ነው። አባቴ ዙሪያውን ፈለገ፣ ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና ወደ ዳሱ ተመለከተ። አጠናው እዚያ መሃል ቆሞ ሸራውን ደግፏል።

"አጎቴ አሰፋ ነው የወሰደው" አልኩት። "አይቼዋለሁ።"

እጁን አፌ ላይ አደረገ። እጁ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። "አላየሽም" አለኝ።

"አይቻለሁ እኮ አባባ!"

"ሰብለ። አላየሽም።"

ለቀስተኛው ሳይመለስ ዳሱ ጋ ወጣ፣ አጠናውን ነቀለ፣ በቦታው ሌላ እንጨት ተካበት። ያንን አጠና ጓሮ አምጥቶ በመጥረቢያ ፈለጠውና ከማገዶው ክምር ቀላቀለው። ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ጊዜ ፈጀ። ያኔ ግን አባቴ አጎቴን የፈራው መሰለኝ።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ነው። ሴትና ልጅ አይቀርብም፤ እኔ ግን የአባቴን እጅ አልለቅም ስላልኩ ዝም አሉኝ። አጎቴ አሰፋ ተነሥቶ ቆመ።

"እህቴን የገደላት በሽታ ነው፤ የእግዚአብሔር ነው፤ እሱን አልከስም" አለ። "እናቴን የሰበራት ግን ይህ ሰው ነው። ተማርኩ ይላል። በአጥር እንጨት ኮንክሪት ይሠራል? እናቴ በራሷ እግር ወደዚህ ቤት መጣች። አሁን እንደ ከረጢት ትጎተታለች።"

አንዱ ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞሩ። "ጋሽ ታደሰ፣ መሰንጠቁን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ካወቅህ ታዲያ ምን አደረግህ?"

የአባቴ እጅ እጄን ጨመቀ። እኔ በልቤ እጮኻለሁ። ሁለት አጠና አቁመህበት የለም? በላቸው እንጂ! አጎቴ አሰፋ ቀና ብሎ ያየዋል።

"ምንም" አለ አባቴ።

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ መሬት ላይ ተፋ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው አያቴ እስክትሞት የመጦሯ ዕዳ በአባቴ ላይ እንዲሆን ፈረዱ። ወደ ደጋ ልውሰዳት ያለውን አጎቴን አያቴ ራሷ እምቢ አለችው። "ልጄ የሞተችበት ቤት ነኝ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። በገበያ ቀን ሲመጣ ከመንገዱ ላይ ቆሞ ይጠራኛል፤ ለእናቱ ያመጣውን ይሰጠኝና ይሄዳል።

አያቴ በእናቴ አልጋ ላይ ተኛች። አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዶማ ይዞ ከቤቱ ጎን ቁልቁለቱን መቆፈር ያዘ፤ አፈሩን ቆርጦ፣ በድንጋይ ደግፎ አንድ ፍራሽ የምትይዝ ሜዳ አወጣ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ይናዳል፤ እሱ እንደገና ይቆፍራል። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ የታሰረ ክንዷን ይዛ ቆማ ስታይ ቆየችና "ይህን መጀመሪያውኑ መቆፈር ይቻል ነበር ማለት ነው" አለች። ልታቆስለው አስባ አልነበረም። አባቴ ዶማውን አነሣና ቁፋሮውን ቀጠለ።

ዝናቡ ጋብ ባለበት ጠዋት ሁሉ አያቴን አዝሎ ያወጣት ነበር። አማት በአማቿ ጀርባ ላይ። እሷ በኀፍረት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። "ለአባትሽ ከበድኩት ወይ በዪው" ትለኛለች። "ለአያትሽ አልከበዱኝም በያቸው" ይላል እያለከለከ። ከእንግዲህ ጆሮ ያማቸዋል ብዬ አላምንም፤ ግን በለሆሳስ እደግመዋለሁ። በመተኛት ብዛት የወጣባትን ቁስል የምታጥበው እትዬ ዘይነባ ናት። ቁስሉ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠለቀ ሄደ። ሽታውን ቤቱ ውስጥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሚያነሳው ግን የለም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ አባቴን "መምህር ሺናቶ" አሉት። ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ከኋላ አንዱ በአፉ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል። አባቴ ጠመኔውን ይዞ እስኪያበቁ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣም። በዚያ ክረምት አባቴን ናቅኩት። ወፍራም፣ ፈሪ ሰው ነው፤ ስለት የታጠቀ ሰው ፈርቶ የራሱን እውነት ዋጠ አልኩ በልቤ። ማታ ሲስመኝ ጉንጬን አዞርበት ነበር።

አያቴ ነሐሴ ውስጥ አረፈች። ሬሳዋ ወደ አገሯ ወደ አዲዮ ተወሰደ፤ መኪናው መንገዱ እስከፈቀደለት ሄደ፣ ከዚያ በቃሬዛ። አባቴ ከተሸካሚዎቹ መካከል ገባ። ማንም አላናገረውም፤ ማንም ግን ውጣ አላለውም።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ወደ ቤት ሲገባ አባቴ ለብቻው ከቀርከሃው ጫካ ዳር፣ ርጥብ ግንድ ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ። ነፋስ ሲነካቸው ቀርከሃዎቹ እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ። አጎቴ አሰፋ ከቤቱ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። በእነዚያ ወራት እጅግ ከስቷል፤ ልብሱ የሌላ ሰው ይመስላል። ፊት ለፊታችን ቆመ።

"ጋሼ" አለ። ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ በአክብሮት ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ጠይቀኝ።"

"በሰልስቱ ቀን ዳሱ ሲያፈስ ከበረንዳህ ሥር አንድ አጠና አንሥቼ ነበር።" ቃሉ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። "በኋላ በኋላ ትዝ አለኝ። ጠብቆ ቆሞ ነበር መሰለኝ፤ በእግሬ መትቼ ነው ያላቀቅኩት። እንቅልፍ የለኝም ጋሼ። ሶሌታውን ደግፎ የያዘው እሱ ነበር?"

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ወደ እኔ አላየም።

"የትኛው አጠና?" አለ።

"ከሥር የነበረው። የቆመው።"

"እሱማ ከሥራው የተረፈ እንጨት ነው። ከዝናብ እንዲጠለል ብዬ እዚያ ያቆምኩት። ምንም አልደገፈም አሰፋ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀርከሃው ሳይደርቅ ነው የሞላሁት።"

አጎቴ ቆሞ አባቴን አየው። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ያንን ረጅም አካሉን አጥፎ አለቀሰ፤ በዝናቡ ውስጥ አጠናውን ተሸክሞ ሲያለቅስ እንዳየሁት ሳይሆን ድምፅ ሳያሰማ። አባቴ ከግንዱ ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ። እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ "በቃ" አለው። "በቃ፣ ወንድሜ።"

ወደ መኪናው መንገድ ስንወርድ መሽቶ ሳይጨልም ለመድረስ ቸኩለን ነበር። አጎቴ ፈረሱን ስቦ ከፊት ሄደ፤ እኔ እንድቀመጥበት ሲነግረን አባቴ አንሥቶ አስቀመጠኝ። ካፊያው ጀምሯል። አባቴ ከጎኔ እየሄደ ጭቃው ውስጥ ሲንሸራተት ትከሻውን ያዝኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዳልናገር ሊለምነኝ ያሰበ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የተናገረው "ብርድ እንዳይመታሽ" የሚል ብቻ ነው፤ ኮቱንም አውልቆ ደረበልኝ።